ሳይቆርጡ ማቀዝቀዝ፤ የአጎቴ ቢዩክና ኢንተርኩለሩ

ባለፈው ሴሚስተር የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። «የማታውቁትን ቴክኒካዊ ነገር ተማሩና እናታችሁ እንድትረዳው አድርጋችሁ ጻፉ» ነው ያሉት። የክፍሌ ልጆች ስለ ኮንዶሚኒየም ሊፍት፣ ስለ መብራት ቆጣሪ፣ ስለ ሞባይል ኔትወርክ ሊጽፉ ሲሰናዱ እኔ ስለ ኢንተርኩለር ልጽፍ ነው አልኩ። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው? የፍሪጅ ዓይነት ነው?» ብላ አንዷ ሳቀችብኝ። ትሳቅብኝ እንጂ ብዙም አልሳተችም።

እውነቱን ለመናገር ርዕሱን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። የእናቴ ታላቅ ወንድም በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ዋሽንግተን እንደደረሰ ያገኘው ሥራ፣ እንደ ብዙው የዚያ ዘመን ሐበሻ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሰው መኪና እየተቀበለ ማቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የሆነ ቢዩክ ይዞ መጣና ቁልፉን ሰጠው። ማታ ሰውየው ሊወስደው ሲመለስ አጎቴ መኪናውን ከምድር ቤት ወደ ላይ ሲያወጣ ነዳጅ ትንሽ ረገጥ አደረገ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ወንበሩ ጀርባውን ገፋው። «አንድ ቀን ትኖረኛለች አልኩ» ይላል እስከ ዛሬ ሲያወራ። ኖረችውም፤ ልጆቹን አስተምሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ።

መኪናው ግራንድ ናሽናል ይባላል። የቢዩክ ሪጋል አንዱ ዓይነት ሲሆን ስሙ የመጣው ከናስካር የመኪና እሽቅድድም ነው። ሞተሩ 3.8 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ነው። አሜሪካኖች ጉልበተኛ መኪና ሲሉ ባለ 8 ሲሊንደር ማለታቸው በነበረበት ዘመን ይኼ ድፍረት ነበር። በ1984 ቱርቦ ብቻ ይዞ 200 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1986 ኢንተርኩለርና ሌሎች ማሻሻያዎች ተጨምረውለት 235 ደረሰ፣ በ1987 ደግሞ 245። በዚያው በ1987 ጂኤንኤክስ የሚባል ልዩ ዓይነት 547 ብቻ ተሠራ። እሱ ተለቅ ያለ ቱርቦና የተሻለ ኢንተርኩለር ነበረው፣ ዛሬ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። የአጎቴ ጂኤንኤክስ አይደለም፣ በ1987 ከተሠሩት 20,193 ተራ ግራንድ ናሽናሎች አንዱ ነው። «ተራ» ሲባል ግን አጎቴ ይቆጣል። በ1988 ሪጋል የፊት ጎማው የሚጎትተው ሌላ መኪና ስለሆነ የዚህኛው ዘር በዚያው ተቋርጧል።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ እኛ ጋ ዝናብ እነሱ ጋ ሐሩር በሆነበት ወር፣ አጎቴ በሌሊት ቤት ደወለ። መኪናዋ ነዳጅ ሲረገጥ ማንኳኳት ጀምራለች። ጋራዥ ወስዷት ነበር። እነሱ ያሉት ደግሞ አዲስና ትልቅ ኢንተርኩለር ከራዲያተሩ ፊት እንግጠም፣ ለዚያ እንዲሆን ከፓራውልቱ ኋላ ያለውን ብረት ቆርጠን ቦታ እንክፈት ነው። ሰውዬው እንቅልፍ አጥቷል። እናቴ «መኪና ነው እንጂ የታመመው ሰው አልታመመ!» ብላ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው የታክሲ ታሪፍ ብቻ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ጋዜጠኛ ልትሆን አይደል የምትማረው? እስቲ ጠይቅልኝ» አለ። በዚህ ተጀመረ።

ለመሆኑ ቱርቦ ምን ያደርጋል? ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው። ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ብዙ ጉልበትም ይሰጣል። ቱርቦ በጭስ ግፊት የሚሽከረከር ማራገቢያ ሲሆን አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይከታል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የተጨመቀ አየር ይግላል። የብስክሌት ጎማ ነፍታችሁ የምታውቁ የፓምፑን ታች ብትነኩት ያቃጥላችኋል፣ ያው እሱ ነው። በቁጥር ለማየት ያህል፣ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ የዋሽንግተን አየር ግፊቱ እጥፍ ሆኖ ቢጨመቅና ቱርቦው 70 በመቶ ብቃት ቢኖረው፣ አየሩ ሲወጣ 125 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ውሃ ከሚፈላበት በላይ ማለት ነው።

የጋለ አየር ሁለት ጠንቅ አለው። አንደኛው፣ ይሰፋል። ለእናቴ ያስረዳኋት በሚኒባስ ነው፤ ሁሉም ሰው ክርኑን ዘርግቶ ቢቀመጥ በአንድ ወንበር ሦስት ሰው የት ይገባል? አየሩን የሚያቀዘቅዘው ዕቃ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» የሚለው ረዳት ነው፤ በዚያው ቦታ ተጨማሪ ሰው ይገባል። ሁለተኛውና አጎቴን እንቅልፍ የነሳው ግን ማንኳኳቱ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የገባው አየርና ቤንዚን በጣም ከጋለ፣ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ደርሶ ሳያቃጥለው ከጥግ በኩል በራሱ ይፈነዳል። ከውጭ የሚሰማው ብረት በብረት የመምታት ድምፅ ነው። ግራንድ ናሽናል ይህን ድምፅ የሚያዳምጥ ሴንሰር አለው፤ ሲሰማ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፣ መኪናውም ጉልበቱ ይቀንሳል። ማንኳኳቱ ከበረታ ግን ሴንሰሩ አያድነውም፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይበላል፣ ፒስተንም ይሰነጠቃል። ስለዚህ የአጎቴ ጥያቄ መኪናዋ እንድትፈጥን ሳይሆን እንዳትሞት ነበር።

ኢንተርኩለር ማለት እንግዲህ በቱርቦውና በሞተሩ መሀል የሚቀመጥ ራዲያተር ነው። በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ሳይሆን የተጨመቀው የጋለ አየር ነው፤ በውጭ በኩል ደግሞ መኪናው ሲሄድ የሚገባው ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። በዓይኔ ለማየት ሶማሌ ተራ አካባቢ ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ አንድ የተከፈተ ሲኖትራክ ፊት አቆሙኝና ከራዲያተሩ ፊት የተደረደረውን የአሉሚኒየም መረብ በካቻቢቴ መታ መታ አደረጉት። «ይኸውልህ። በየቀኑ መንገድ ላይ ስትሸሸው የምትውለው ነገር ነው» አሉኝ። ቀጥለው ያሉኝ ደግሞ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ያጠነከረልኝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦው ያንን ጉድለት ለመሙላት የበለጠ ይጨምቃል፣ የበለጠ ሲጨምቅ ደግሞ የበለጠ ያግላል። እንጦጦን የሚወጣ መኪና ኢንተርኩለሩ ከተደፈነ ቶሎ ያስታውቅበታል።

ስለ ቢዩኩ ስነግራቸው ስዕሉን በስልኬ አሳየኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው አዩትና «ይኼን ነው ሊቆርጡት? አይ!» አሉ።

ለምን አይቆረጥም? እዚህ አገር መኪና ከተሠራ ተሠራ ነው፣ ብረት ተቆርጦ ተበይዶ ይሄዳል። ነውርም አይደለም። የሚሰበሰብ መኪና ግን ሕጉ ሌላ ነው። ገዢው ከሁሉ በፊት የሚያየው ከፋብሪካ የወጣው ብረት፣ ቱቦ፣ ብሎን ሳይቀር በቦታው መኖሩን ነው። ቱርቦ ያላቸው መኪኖች ደግሞ ለዚህ ጥሩ ምስክር አላቸው። ጄኔራል ሞተርስ በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የሚባል መኪና አወጣ፤ ለሕዝብ ከተሸጡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ መኪኖች አንዱ ነው። ኢንተርኩለር የለውም። በምትኩ የተጣራ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወደ ሞተሩ እየተረጨ ማንኳኳትን ይከላከል ነበር። ባለቤቶቹ ግን ፈሳሹን መሙላት ይረሳሉ፣ መኪናው ይበላሻል። በመጨረሻ ሻጮቹ ቱርቦውን ነቅለው በተራ ካርቡሬተር እንዲተኩት ተፈቀደ። በሁለት ዓመት ከተሠሩት 9,600 ገደማ ጄትፋየሮች ቱርቦው እንዳለ የቀረው ዛሬ ጥቂቱ ነው። የተነቀለውን ዕቃ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ አልነበረማ!

አጎቴ ይህን ስነግረው «አየህ!» አለ፤ እኔ እንጃ፣ ለምን እኔን እንዳሸነፈኝ ሰው ሆኖ እንደተናገረ። የሥራ ባልደረባው ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። «መኪና ለመንዳት ነው፣ ለሙዚየም አይደለም፤ ቁረጠውና ተገላገል» ይለዋል። ሰውየው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ብዬ አላስብም። ግራጅ ውስጥ ሸራ ለብሶ የሚኖር መኪና እኔም ያሳዝነኛል። የሁለቱ ክርክር የሚፈታው ግን በመሀል ባለ መንገድ ነው፦ የሚገጠመው ሁሉ ተፈትቶ የቀድሞው ዕቃ በቦታው የሚመለስ ከሆነ፣ መንዳቱም ይኖራል ዋጋውም አይጎዳም። አጎቴ ለራሱ ያወጣው መመዘኛ «ቅዳሜና እሑድ ብቻዬን በመፍቻ ልመልሰው እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። ትራፓኖ፣ መጋዝ፣ ብየዳ የሚጠይቅ ነገር የመኪናውን ገላ አይነካም።

የግራንድ ናሽናል የፋብሪካ ኢንተርኩለር ያለበት ቦታ ደግሞ ጉዳዩን ያከብደዋል። ከራዲያተሩ ኋላ፣ ከሞተሩ ፊት ዝቅ ብሎ የተሸጎጠ ነው፤ ነፋስ የሚያገኘው ከታች በሚገባ የአየር መምሪያ ነው። ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ሲውል በራዲያተርና በሞተር መሀል ይቀቀላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከራዲያተሩ ፊት ትልቅ ኢንተርኩለር የሚገጥመው፤ በእርግጥም ነፋሱን ቀድሞ ያገኘዋል። ግን ያለ ዋጋ አይደለም። እንደ ዕቃው ዓይነት ከፓራውልቱ ኋላ ያለውን ወይም የታችኛውን የአየር መከላከያ መቁረጥ ይጠይቃል። የራዲያተሩን ነፋስ ይቀማል፣ ቱቦው ስለሚረዝም የቱርቦው ግፊት ሞተሩ ጋ እስኪደርስ ትንሽ ይዘገያል።

ሁለተኛው ምርጫ የፋብሪካው በነበረበት ቦታ፣ በዚያው ማቀፊያና በነዚያው የብሎን ቀዳዳዎች ላይ የሚገባ፣ ግን መረቡ ወፍራምና ሰፊ የሆነ ኢንተርኩለር ነው። ለዚህ መኪና ታስቦ የሚሠራ ሞልቷል። አጎቴ የወሰደው ይህንን ነው። አንዳንዱ ደግሞ አዲስ ከመግዛት የፋብሪካውን ራሱን አንገቱን ቆርጦ አስፍቶ ያስበይዳል። ርካሽ ነው፣ ግን ዋናው ዕቃ ዳግም ዋናው አይሆንም፤ ከመመዘኛው ውጪ ነው።

እዚህ ላይ እኔም የተሳሳትኩበትን ነገር ልንገራችሁ። «ትልቅ ከሆነ ይሻላል» ብዬ ነበር። አጎቴ ወረቀትና እርሳስ አስያዘኝ። ቅድም ያየነው 125 ዲግሪ አየር 60 በመቶ ብቃት ባለው ኢንተርኩለር ቢያልፍ 68 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ብቃቱ 80 በመቶ ከሆነ 49 ገደማ። በዚህ ልዩነት ሞተሩ የሚያገኘው አየር በ6 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥሩ ነው። ነገር ግን መረቡ ጠባብ መተላለፊያ ካለው አየሩ ሲያልፍ ግፊት ያጣል። አዲሱ ኢንተርኩለር ከአሮጌው በ2 ፒኤስአይ የበለጠ ቢያስቀር፣ ከቱርቦው የሚወጣው ጠቅላላ ግፊት 29 ገደማ ስለሆነ፣ ያ 7 በመቶ ሊጠጋ ነው። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ተወሰደ ማለት ነው! ስለዚህ የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት ስፋቱን ብቻ ሳይሆን መግቢያና መውጫው ላይ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚለያይ ነው።

ሥራው የተሠራው በአጎቴ ግራጅ ውስጥ፣ በሁለት ቅዳሜ ነው። እኔ በቪዲዮ አየሁ፤ እነሱ ጋ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ነበር። መጀመሪያ ያደረገው አዲሱን መግጠም ሳይሆን አሮጌውን መመርመር ነው፤ ይኼን ሁሉም ሰው ቢያደርገው ጥሩ ነው። ከመፍታቱ በፊት እያንዳንዱን ቱቦና ፋሼታ ፎቶ አነሳ። ሲፈታው ውስጡ ዘይት ተጋግሯል፣ ውጪው በቅጠልና በነፍሳት ተደፍኗል፣ አንዱ የጎማ ቱቦ ደግሞ ከሥሩ ተሰንጥቋል። በማሟሟቻ አጠበው፣ ጫፎቹን ደፍኖ በትንሽ ግፊት አየር ነፋበትና የሳሙና ውሃ ቀባው፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ ካለ እዚያ ያፈስሳል። አላፈሰሰም። ቱቦውን ቀይሮ አሮጌውን መልሶ ሲገጥመው ማንኳኳቱ በግማሽ ቀነሰ። ጋራዡ ብረት ሊቆርጥ የተነሳበት ችግር ግማሹ ቆሻሻና አንድ የተሰነጠቀ ጎማ ነበር። ይህን ሲነግረኝ ሳቀ፣ ግን ደስ ብሎት አልነበረም።

ግማሹ ግን ቀርቷል። በጋለ ቀን አሁንም ታንኳኳለች። የአየሩን ሙቀት ለመለካት ቴርሞሜትር መግጠም አስፈለገ፤ ለዚያ ደግሞ ከኢንተርኩለሩ ወደ ሞተሩ የሚወጣውን ቱቦ መብሳት ያስፈልጋል። እሱ ምን አደረገ? ሌላ ቱቦ ገዝቶ እሱን በሳው። ዋናው ሳይነካ ተቀመጠ። በግራንድ ናሽናል ባለቤቶች ዘንድ የተለመደውን የአልኮል መርጫ ለመግጠም የሚፈልግም በዚሁ መንገድ ይችላል፤ አሠራሩ የጄትፋየሩ የልጅ ልጅ ነው፣ አጎቴ ግን ለጊዜው ትቶታል። ለአዲሱ ኢንተርኩለር የታችኛው የአየር መምሪያ ፕላስቲክ ትንሽ መከርከም ነበረበት። እሱንም እንደ ቱቦው ተለዋጭ ገዝቶ ከረከመ። ኮፈኑ መዘጋቱን፣ ቱቦዎቹ ከሚሽከረከር ነገር ጋር አለመነካካታቸውን አረጋገጠ። የዚህ መኪና ኮምፒውተር ቺፕ ተነቅሎ የሚወጣ ስለሆነ ለአዲሱ የአየር መጠን የተስተካከለ ቺፕ አስገባ፤ የፋብሪካው ቺፕ በትንሽ ፖስታ ተጠቅልሎ ከሌላው ዕቃ ጋር ገባ። ግፊቱን ግን ለመጨመር አልነካም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አየሩ ቀዘቀዘ ብሎ ወዲያው ግፊት ይጨምርና ያተረፈውን ደህንነት መልሶ ይበላዋል።

ውጤቱስ? በአሮጌው ኢንተርኩለር በሙቅ ቀን ቴርሞሜትሩ ከ70 በላይ ይል የነበረው፣ በአዲሱ ተመሳሳይ ቀን 55 ሳይሞላ ቀረ። ማንኳኳቱ ጠፋ። ትራፊክ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከቆመ ግን አሁንም ይግላል፤ ቦታው ከራዲያተሩ ኋላ ነውና ያንን ሊያስቀረው አይችልም። የሥራ ባልደረባው ይህን ሲሰማ «አላልኩህም?» ብሎታል አሉ። አጎቴ ትራፊክ ባለበት ሰዓት አልነዳትም፣ አለቀ።

ድሮ «አንድ ቀን አዲስ አበባ አምጥቼ ቦሌ መንገድ ላይ እነዳታለሁ» ይል ነበር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል ስለዚያ ማውራት አቆመ። አሁን የሚያወራው ስለ ትንሿ ልጁ ነው። ልጅቷ መኪናውን አንድ ጊዜ ነድታ «ድምፁ ደስ ይላል» ብላለች፤ እሱ ከዚያ ሌላ ምስክር አልፈለገም። ትሽጠው ትንዳው የሷ ፋንታ ነው፣ እሷ እስክትወስን ግን ሁሉም ነገር እንደነበረ መመለስ መቻል አለበት ባይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከልኝ። ምድር ቤት፣ መደርደሪያ ላይ፣ ሁለት የካርቶን ሣጥኖች። አንዱ ውስጥ የፋብሪካው ኢንተርኩለር በዘይት በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ሌላው ውስጥ ቱቦው፣ ፕላስቲኩ፣ ቺፑና እያንዳንዱ ብሎን በየትንሽ ላስቲኩ፣ ከየት እንደተፈታ ተጽፎበት። ባለቤቱ ምድር ቤቱን ስታጸዳ የማትፈልገውን ዕቃ ሁሉ የመጣል ልማድ አላት። ስለዚህ በሁለቱም ሣጥኖች ላይ በትልቅ ማርከር፣ በአማርኛ፣ «አይጣል» ተብሎ ተጽፏል።